የዋሻ ቁፋሮና የድንጋይ መሣሪያዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የዋሻ ቁፋሮ ነገር ሲነሣ ሰዎች የሚጠይቁት ተመሳሳይ ነው። ግማሹ ጥያቄ ጥርጣሬ ያዘለ ነው፣ ግማሹ ከልብ የመነጨ ጉጉት ነው፤ ሁለቱም መልስ ይገባቸዋል። መልሶቹ በአብዛኛው የሚሽከረከሩት በአራት የኢትዮጵያ ዋሻዎች ዙሪያ ነው፦ ድሬዳዋ አጠገብ ባለው ፖርክ ኤፒክ፣ ወላይታ ዳሞታ ተራራ ላይ ባለው ሞቼና ቦራጎ፣ በባሌ ተራሮች ባለው ፍንጫ ሀበራ እና በጋሞ ደጋ ባለው ሞታ። ወደ መጨረሻው ከሚጠቀሰው የቅርስ አዋጅ ቁጥር በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለድንጋይ ብሎ ይህን ሁሉ የሚደክም ሰው አለ? ወርቅ ቢኖር ነው እንጂ!

አለ። ዋሻ ውስጥ ተንበርክኮ በብሩሽ አፈር ሲጠርግ የሚውለው ሰው የሚፈልገው የጥንት ሰዎች ጥለውት የሄዱትን ነው፤ የተፈለጠ ድንጋይ፣ የተቃጠለ አጥንት፣ የከሰል ፍርፋሪ። የድንጋይ ዘመን ሰዎች ወርቅ አያነጥሩም፣ ገንዘብ አይቀብሩም። 40 ሺህ ዓመት ባስቆጠረ አፈር ውስጥ ወርቅ ተደብቋል ማለት ዘበት ነው።

ይህን አጥብቀን የምንናገረው ጥርጣሬው ጉዳት ስለሚያደርስ ነው። ቡድኑ የዓመቱን ሥራ ጨርሶ ሲሄድ «ሳይጨርሱት የሄዱት ነገር አለ» ብሎ ጉድጓዱን በዶማ የሚከፍት ሰው በአንድ ሌሊት የሚያበላሸውን ማንም ባለሙያ በዕድሜው አይጠግነውም። ወርቅ አይወጣም፤ የአፈሩ ቅደም ተከተል ግን ይጠፋል። ቅደም ተከተሉ ከጠፋ ደግሞ የተገኘው ድንጋይ መቼ፣ ከምን ጋር፣ በማን ዘመን እንደተሠራ የሚናገር ምንም ነገር አይቀርም።

ለምን ዋሻ? የጥንት ሰዎች የሚኖሩት ዋሻ ውስጥ ብቻ ነበር?

አልነበረም። አብዛኛውን ሕይወታቸውን ያሳለፉት ሜዳ ላይ፣ ወንዝና ሐይቅ ዳር ነው። አፋር ውስጥ ጎና ላይ የተገኙት 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች የወጡት ከዋሻ ሳይሆን ከጥንት ወንዝ ደለል ነው።

ዋሻ የሚፈለገው ያደረበትን ስለሚያቆይ ነው። ሜዳ ላይ የቀረውን ጎርፍ ይወስደዋል፣ ፀሐይና ዝናብ ያደቅቀዋል። ዋሻ ውስጥ ግን ከጣሪያው የሚረግፈው ድንጋይ፣ ነፋስ የሚያስገባው አቧራ፣ የምድጃው አመድ፣ የእንስሳቱ ፍግ ላይ በላይ እየተደራረበ ይሄዳል። ሰዎችም ከዝናብና ከብርድ መጠለያ ፍለጋ ያንኑ ቦታ በየዘመኑ ይመላለሱበታል። ስለዚህ በጥቂት ሜትር ጥልቀት ውስጥ የሺህ ዓመታት ኑሮ ተደራርቦ ይገኛል። ሞቼና ቦራጎ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው በዚያ ዋሻ በግምት ከ50 ሺህ እስከ 36 ሺህ ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች የተዉት የባልጩት (እንደ መስታወት የሚፈለጥ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) መሣሪያ ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋር ተነባብሮ ተገኝቷል።

ፍንጫ ሀበራን ሳልጠቅስ ማለፍ አይሆንልኝም። ዋሻው ያለው በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ፣ ሌሊቱ በረዶ የሚያሳርር ነው። ሰው እንዲህ ያለ ቦታ መኖር የጀመረው እጅግ ዘግይቶ ነው ተብሎ ሲታሰብ ኖሯል። በ2019 የታተመው ጥናት ግን ሰዎች ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት እዚያ እየተመላለሱ እንደኖሩ አሳየ። ምን በልተው? ከምድጃው ዙሪያ በብዛት የተገኘው የተቃጠለ የፍልፈል አጥንት ነው፤ ዛሬ የባሌ ቀይ ቀበሮ አድኖ የሚኖርበት ያው ትልቁ ፍልፈል። ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ባልጩት ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ካለ ጋራ እየወጡ ያመጡ ነበር።

ይሄ እኮ ተራ ጠጠር ነው። መሣሪያ መሆኑን በምን አወቃችሁ?

ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ባለሙያዎችም አንዳንዴ እርስ በርስ ይከራከሩበታል። አንድ የባልጩት ፍላጭ በእጅዎ ይዘው ወደ ብርሃን ያዙሩት። በአንዱ ጫፉ ጠፍጣፋ፣ ትንሽ ገጽ ያገኛሉ፤ ምቱ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። ከሥሩ ለስላሳ ጉብታ አለ፤ ከጉብታው ጀምሮም ጠጠር የተጣለበት ኩሬ ላይ እንደሚታየው ቀለበት ቀለበት የሆነ ሞገድ ወደ ታች ይሰፋል። ፍላጩን ሲገለብጡት ደግሞ ከእሱ በፊት የተፈለጡት ሌሎች ፍላጮች የተዉትን ጠባሳ ያያሉ። ጠባሳዎቹ ሥርዓት ካላቸው፣ ጠርዙም በጥቃቅን ምቶች ከተስተካከለ፣ ያ የእጅ ሥራ ነው። ከጣሪያ የወደቀ ድንጋይም ይሰነጠቃል፤ ነገር ግን ደጋግሞ በአንድ ማዕዘን፣ በአንድ አቅጣጫ ራሱን አይፈልጥም።

ሁለተኛው ምስክር የድንጋዩ ዓይነት ነው። ፖርክ ኤፒክ በኖራ ድንጋይ ገደል ውስጥ ያለ ዋሻ ነው። ባልጩት ደግሞ የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው፤ ከኖራ ድንጋይ ውስጥ አይፈልቅም። እዚያ ከተገኘ ሰው ተሸክሞ አምጥቶታል ማለት ነው። የባልጩት ኬሚካዊ ይዘት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይም በቤተ ሙከራ ተለክቶ ከየትኛው ምንጭ እንደመጣ ሊታወቅ ይችላል።

ሦስተኛውን ምስክር ያስገኘችው ኢትዮጵያ ናት። በደቡቡ የአገራችን ክፍል ቆዳ የሚያለፉ የእጅ ባለሙያዎች በእንጨት እጀታ ላይ የተገጠመ የድንጋይ መፋቂያ ሲጠቀሙ ተመራማሪዎች በዘመናችን አይተው መዝግበዋል። ድንጋዩ እንዴት እንደሚመረጥ፣ ሲደነዝ እንዴት እንደሚሳል፣ ስንት ጊዜ ተስሎ እንደሚጣል አብረው ቁጭ ብለው ተምረዋል። በኮንሶ ይህን ሥራ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ የድንጋይ መሣሪያ ሁሉ የወንድ እጅ ሥራ ነው የሚለው የቆየ ግምት ከተናጋባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። እነዚህ ባለሙያዎች በየመንደራቸው ሲናቁ መኖራቸው ያሳዝነኛል። በእጃቸው ያለው ዕውቀት ከየትኛውም ዩኒቨርሲቲ የማይገኝ ነው።

ሌላም ነገር አለ፦ ከቁፋሮ የሚወጣው አብዛኛው ድንጋይ ያለቀለት መሣሪያ ሳይሆን የሥራው ግርድ ነው። ለአንድ የጦር ጫፍ ብዙ ስብርባሪ ይወድቃል። ስብርባሪው ግን አይጣልም። ፍላጮቹ እርስ በርሳቸው ሲገጣጠሙ ሠሪው የትኛውን ምት ቀድሞ፣ የትኛውን አስከትሎ እንደመታ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሲፈልጥ የት ተሳስቶ እንዴት እንዳረመው ሳይቀር ይነበባል።

ቁፋሮው በትክክል እንዴት ይካሄዳል?

መጀመሪያ ዋሻው ይለካል፣ ካርታው ይነሣል። ቀጥሎ ሲባጎ ተወጥሮ ወለሉ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሆኑ ካሬዎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ካሬ የራሱ ፊደልና ቁጥር ይሰጠዋል። ለጥልቀቱ ደግሞ ግድግዳው ላይ የማይነቃነቅ አንድ መነሻ ነጥብ ይመረጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ልክ ሁሉ የሚነሣው ከእሱ ነው። ውሃ ልክና ቱንቢ እዚህም ሥራ አላቸው።

ዶማና አካፋ ወደ ጎን ይቀመጣሉ። የሚቆፈረው በግንበኛ ማንኪያ፣ በቀርከሃ ስንጥርና በብሩሽ ነው። ቆፋሪው አፈሩን ላይ ላዩን እየፋቀ ይሄዳል፤ ቀለሙ ወይም ጥንካሬው ሲለወጥ እጁን ያቆማል፤ አዲስ ንብርብር ጀምሯልና። ንብርብሩ ወፍራም ከሆነ በየ5 ሳንቲሜትሩ ተከፋፍሎ ይወርዳል። ድንጋይ ወይም አጥንት ብቅ ሲል አይነቀልም። ዙሪያው ይጸዳል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ቶታል ስቴሽን በሚባለው የቅየሳ መሣሪያ ቦታው ይለካል፤ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። የሚገባበት ከረጢት ላይ የዋሻው ስም፣ ካሬው፣ ንብርብሩ፣ ጥልቀቱ፣ ቀኑና የቆፋሪው ስም ይጻፋል። ያለዚህ ጽሑፍ የቀረ ድንጋይ ምንም ያማረ ቢሆን ከጌጥነት አያልፍም።

የተፋቀው አፈርም ወደ ገደል አይደፋም። በባልዲ ተሞልቶ ወደ ወንፊት ይሄዳል፤ የወንፊቱ ዓይን ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። የአይጥ ጥርስ፣ ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት የተሠራ ዶቃ፣ እንደ አሸዋ የደቀቀ ባልጩት የሚያዘው እዚያ ነው። የተወሰነው አፈር በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ከሰልና የተቃጠለ ፍሬ ይንሳፈፋሉና በጨርቅ ተለቅመው ጥላ ላይ ይደርቃሉ።

ምድጃ ሲገኝ ሥራው የበለጠ ይዘገያል። ያልተነካ ምድጃ በቁርጡ ሲታይ ከሥር በሙቀት የቀላ አፈር፣ ከላዩ የጠቆረ የከሰል መስመር፣ ከዚያ በላይ ግራጫ አመድ አለው። ቅደም ተከተሉ ከተዘበራረቀ አመዱ ከሌላ ቦታ ተጠርጎ የተደፋ ነው ማለት ነው። አንዳንዴ ይህ ቁርጥ በጀሶ ተጠቅልሎ እንዳለ ይወሰድና ቤተ ሙከራ ውስጥ በአጉሊ መነጽር ይታያል። ስንት ጊዜ እሳት እንደነደደ፣ ማገዶው እንጨት ይሁን ፍግ የሚለየው በዚህ መንገድ ነው።

ለምን ይህን ያህል ይዘገያል?

ቁፋሮ ቦታውን ስለሚያፈርስ። አንዴ የተነሣ አፈር ወደ ነበረበት አይመለስም፤ የሚተርፈው የተመዘገበው ብቻ ነው። በእኔ እምነት ከማንኛውም ዕቃ በላይ መጠበቅ ያለበት የመስክ ማስታወሻው ነው።

ዕድሜውን በምን ታውቃላችሁ? ድንጋይ ላይ ቀን አልተጻፈ!

የሚለካው ብዙውን ጊዜ ድንጋዩ ሳይሆን አብሮት የተገኘው ነገር ነው። ከሰል፣ አጥንት ወይም ዛጎል ካለ በካርቦን 14 ይለካል፤ ሕይወት ያለው ነገር ከሞተ በኋላ በውስጡ ያለው ካርቦን 14 በየ5,700 ዓመቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳልና። ከ50 ሺህ ዓመት በላይ ግን የሚለካ ነገር ስለማይቀር ዘዴው ያቆማል። ከዚያ ለበለጠ ዕድሜ የአሸዋ ቅንጣት ለመጨረሻ ጊዜ ብርሃን ያየበትን ጊዜ የሚለካ ዘዴ አለ፤ ናሙናው ብርሃን እንዳያገኘው በቱቦ ተደፍኖ ይወጣል። የእሳተ ገሞራ አመድ ካለ በአርጎን፣ ከጣሪያ የሚንጠባጠብ ውሃ የፈጠረው የኖራ ቋጥኝ ካለ ደግሞ በዩራኒየም ይለካል።

አንድ ዘዴ ብቻውን አይበቃም፤ ፖርክ ኤፒክ ይህን በግልጽ ያስተምራል። ዋሻው በ1920ዎቹ መጨረሻ ከታወቀ በኋላ በ1933 ተቆፍሮ የሰው መንጋጋ ተገኘበት፤ በ1974 ደግሞ አርኪዮሎጂስቱ ዴዝመንድ ክላርክ ቁፋሮውን ቀጠለ፣ ሥራው እስከ 1976 ዘለቀ። ያኔ ዕድሜው የተገመተው ባልጩት ውሃ እየመጠጠ ላዩ ላይ በሚፈጥረው ስስ ሽፋን ውፍረት ነበር፤ ውጤቱ ከ61 ሺህ እስከ 77 ሺህ ዓመት ሆነ። ይህ ዘዴ ግን በሙቀትና በእርጥበት ይለዋወጣል። ከብዙ ዓመት በኋላ የቀንድ አውጣ ቅሪት በካርቦን ሲለካ ወደ 40 ሺህ ዓመት አካባቢ ወረደ። ስለዚህ ስለ አንድ ዋሻ ዕድሜ ስታነቡ መቼና በምን ዘዴ እንደተለካ ጠይቁ።

ከታች ያለው ሁልጊዜ ከላይ ካለው ይቀድማል?

በመርሕ ደረጃ አዎ፤ ዋሻው ውስጥ የሚቆፍር ሌላ ፍጡር ከሌለ። ጃርት ጎሬ ይምሳል፣ ምስጥ አፈር ያወጣል ያወርዳል፣ ሰውም መቃብር ሲቆፍር ያለፈውን ዘመን አፈር ከራሱ ዘመን ጋር ይቀላቅላል። ጎሬው ብዙውን ጊዜ በአፈሩ ቀለምና ልስላሴ ይለያል፤ ለብቻው ተቆፍሮ ለብቻው ይወጣል። የማያጠራጥረው ፈተና ግን መገጣጠም ነው፦ የአንድ ድንጋይ ሁለት ፍላጮች ርቀው ካሉ ሁለት ንብርብሮች ከወጡ፣ አፈሩ ተቀላቅሏል።

አጥንቱን ሁሉ ሰው ነው ያመጣው ማለትም አይቻልም። ጅብ ዋሻ ውስጥ አጥንት ያከማቻል፣ ጃርትም ያኝካል። የጥርስ ምልክት ክብ ወይም ቦይ መሰል ነው፤ የድንጋይ ስለት ምልክት ግን ቀጭን፣ ውስጡ ስል ሆኖ ይታያል።

የሰው አጥንት ቢገኝ ምን ይደረጋል?

ሥራው ወዲያው መልኩን ይለውጣል፤ ጓንትና የፊት መሸፈኛ ይደረጋል፣ የዛሬ ሰው ዘረመል አጥንቱን እንዳይበክለው። በ2012 ሞታ ዋሻ ውስጥ ከድንጋይ ክምር ሥር የአንድ ጎልማሳ ወንድ አጽም ተገኘ፤ ባይራ ተባለ። ዕድሜው 4,500 ዓመት ገደማ ነው። ከጆሮው ውስጠኛ ክፍል ካለው ጠንካራ አጥንት የወጣው ዘረመል በ2015 ሲታተም፣ ከአፍሪካ የጥንት ሰው ሙሉ ዘረመል ሲነበብ የመጀመሪያው ሆነ። የደጋው ብርድ ዘረመሉን እንዳቆየው ይታመናል፤ ሙቀት ዋናው ጠላቱ ነውና።

ያው ጥናት ከምዕራብ እስያ ወደ አፍሪካ የተመለሱ ሰዎች ደም በመላው አህጉር ደርሷል የሚል መደምደሚያም ነበረው። ቆይቶ ስሌቱ ላይ የኮምፒውተር ፕሮግራም ስህተት ተገኘ፣ ተመራማሪዎቹም ራሳቸው በ2016 አረሙት፤ ተጽዕኖው ጎልቶ የሚታየው በምሥራቅ አፍሪካ ነው። እርማቱን ሳያነቡ የመጀመሪያውን ዜና ብቻ የሚደግሙ ጽሑፎች ዛሬም ስላሉ ተጠንቀቁ።

ዕቃዎቹን ፈረንጆች ይዘዋቸው ይሄዳሉ?

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው፤ ቅርስም ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። የተገኘው ወደ አዲስ አበባ ይገባል። ለዕድሜ ወይም ለዘረመል ምርመራ ናሙና ወደ ውጭ የሚላከው በፈቃድ ነው።

ዕቃው እዚህ መቀመጡ ምን እንደሚጠቅም ከፖርክ ኤፒክ ይታያል። በ1970ዎቹ ከተቆፈረው ውስጥ ቀይና ቢጫ የቀለም አፈር ይገኝበታል፤ 4,213 ቁራጭ፣ 40 ኪሎ ግራም ገደማ። ከተቆፈረ ከአርባ ዓመት ያህል በኋላ ተመራማሪዎች አንድ በአንድ አይተውት፣ የተፈጨበትንና የተፋቀበትን ምልክት፣ መፍጫ ድንጋዮቹንም ጭምር አጠኑ። የዋሻው ሰዎች ቢያንስ ለ4,500 ዓመታት በዚያ ቀለም ሲጠቀሙ እንደኖሩ ታወቀ። ቆፋሪዎቹ ያንን ቀይ ጓል «አፈር ነው» ብለው ጥለውት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይታወቅም ነበር። መደርደሪያ፣ ሣጥንና ደኅና መዝገብ ያለው የቅርስ ማከማቻ የቁፋሮውን ያህል ገንዘብ ሊመደብለት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ዋሻውን ለምን ሙሉ በሙሉ አይቆፍሩትም?

ነገ የተሻለ ዘዴ ስለሚመጣ። ዛሬ አጥንት ሳይኖር እንኳ ከአፈር ብቻ የሰውና የእንስሳ ዘረመል ማውጣት ተችሏል፤ የ1930ዎቹ ቆፋሪዎች ይህን ሊያስቡት አይችሉም ነበር። ስለዚህ የወለሉ የተወሰነ ክፍል ሆን ተብሎ ይተዋል። የተከፈተው ጉድጓድም ግድግዳው እንዳይናድ በፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ አሸዋ በተሞላ ጆንያ ተደግፎ ይሞላል።

ሥራው አደጋ አለው?

አለው። የሌሊት ወፍ ኩስ ሳንባን የሚያጠቃ ፈንገስ ሊኖርበት ስለሚችል መሸፈኛ ያስፈልጋል። ከጣሪያ ድንጋይ ይወድቃል፤ ቆብ ይደረጋል። ጥልቅ ጉድጓድ በደረጃ ካልተቆፈረ ይናዳል።

በእኛ አካባቢ ያለ ዋሻ ውስጥ የተፈለጠ ባልጩት አየሁ። ምን ላድርግ?

አያንሱት። ፎቶ ያንሱት፤ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ እስክሪብቶ ያስቀምጡ። ቀጥሎ ዋሻውን ከነአካባቢው ያንሱ፣ ስልክዎ ቦታውን የሚመዘግብ ከሆነም ያብሩት። ከዚያ ለወረዳው ወይም ለዞኑ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ፤ በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስን ማሳወቅ የሕግ ግዴታ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ጉዳዩን ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ማስተላለፍ ይችላል።

ድንጋዩን አስቀድመው ወደ ቤት ወስደውት ከሆነ አይጠቡት፣ ከየት ጥግ እንዳነሱት ግን ሳይረሱ ዛሬውኑ ጽፈው አብረው ያስቀምጡ። ዋሻው የከብት ማደሪያ ከሆነም መጠቀምዎን ማቆም የለብዎትም፤ ፍጉን ሲጠርጉ ብቻ ከሥሩ ያለውን አፈር አብረው አይዛቁት።